ከደብረ ማርቆስ ለተጠየቀ ጥያቄ፦ የጌም ኮምፒውተር ስንገዛ ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይዋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ደብረ ማርቆስ ነው የሚኖረው፤ ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሟል። አንድ የቴሌግራም ሻጭ ኮር አይ7 4ኛ ጀነሬሽን፣ 16 ጊጋ ራም፣ ባለ 8 ጊጋ አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ሥዕል የሚሠራው) እና «500 ዋት» ፓወር ሰፕላይ (ከሶኬቱ የመጣውን መብራት ለክፍሎቹ የሚያከፋፍለው) ያለው ያገለገለ ሲስተም ዩኒት አቅርቦለታል። ጓደኛው ደግሞ «ዕቃውን ለየብቻ ግዛና ገጣጥም፤ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ካልሆነ አትልፋ» ይለዋል። አዲስ አበባ ያለ የአጎቱ ልጅ ገዝቶ ሊልክለት ተስማምቷል። የሚጫወተው ፊፋ፣ ጂቲኤ 5 እና ካውንተር ስትራይክ ነው፤ ቫሎራንትንም መሞከር ይፈልጋል። «መብራት ይቆራረጣል፤ አንዳንዴም እየደከመ ይመጣል። ብዙውን ብር የቱ ላይ ላውለው?» ብሎ ይጨርሳል።

ወንድሜ፣ የቴሌግራሙን ኮምፒውተር ተወው። ጓደኛህ ለየብቻ ገዝተህ ገጣጥም ማለቱ ልክ ነው፤ ከግራፊክስ ካርዱ ጀምር ማለቱ ግን ለእኛ አገር አይሆንም። ገንዘብህን ከግድግዳው ሶኬት ጀምረህ ወደ ውስጥ እየገባህ አከፋፍለው። እኔ ባህር ዳር ኮምፒውተር በመጠገንና በመገጣጠም ነው የምተዳደረው። ከዳንግላም፣ ከቡሬም፣ ከሞጣም ተጭኖ የሚመጣልኝ የጌም ኮምፒውተር በብዛት ካርዱ አቅም አንሶት የመጣ አይደለም። ፓወሩ ተቃጥሎ፣ ወይም ሲቃጠል ማዘርቦርዱን (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) ይዞት ሄዶ ነው።

ለምን ተወው እንዳልኩህ ራስህ አስልተህ እንድታየው እፈልጋለሁ። ሻጩን የፓወር ሰፕላዩን ጎን በፎቶ እንዲልክልህ ጠይቀው። ጎኑ ላይ ሰንጠረዥ ያለበት ወረቀት ተለጥፎበታል። በትልቁ የተጻፈውን 500 ዝለለውና +12 ቮልት የሚለውን አምድ ፈልግ። ከሥሩ ያለውን አምፒር በ12 አባዛው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ጉልበታቸውን በዋናነት የሚያገኙት ከዚያ መስመር ስለሆነ እውነተኛው አቅም እሱ ነው። ከኬዝ ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጡ ርካሽ ፓወሮች ላይ 18 አምፒር ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው፤ 18 በ12 ሲባዛ 216 ዋት ይሆናል። አሁን ጭነቱን ደምር፦ አርኤክስ 580 ሙሉ ሲሠራ 185 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ እንደ 4770 ያለ ኮር አይ7 ደግሞ 84 ዋት። ሁለቱ ብቻ 269 ዋት ናቸው፤ ራሙ፣ ዲስኩና ፋኑ ገና አልተቆጠሩም። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ሻጩ ጋ ዊንዶውስ ከፍቶ ዩቲዩብ ሲያሳይህ ምንም አይሆንም። ጂቲኤ ከፍተህ ካርዱ መሥራት ሲጀምር ነው ድንገት ድርግም የሚለው።

ሲስተም ዩኒቱ የቢሮ ዕቃ የነበረ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። በዚያ ዘመን የወጡት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020፣ 7020 እና 9020 ማዘርቦርዳቸው ባለ 8 ፒን የራሱ መሰኪያ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ከገበያ የምትገዛው ባለ 24 ፒን ፓወር ያለ መቀየሪያ ኬብል አይሰካበትም። በውስጡ ያለው ፓወር ደግሞ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ኬብል አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ሻጮች ይህንን በተቀጣጠለ ኬብል ይሸፍኑታል። እንዲህ የተቀጣጠለ ሽቦ ላስቲኩ ቀልጦ፣ ፒኑ ጠቁሮ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል።

ካርዱም ራሱ መጣራት አለበት። «አርኤክስ 580» ተብለው ከሚሸጡት መካከል 2304 ሼደር (ሥዕሉን የሚያሰሉ ትንንሽ ክፍሎች) ያለው ዋናው አለ፣ 2048 ሼደር ብቻ ያለው ደግሞ በዚያው ስም የወጣ ደካማው አለ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሲከፍት ቁጥሩ ይታያል። በአሮጌ ቺፕ ላይ ባዮሱ (ውስጡ የተጻፈው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጥ የኤንቪዲያ ካርድ ከሆነም ይኸው ፕሮግራም «ፌክ» ብሎ ስሙ ፊት ይጽፍበታል። ከዚህ ሁሉ በላይ የ4ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር በ2013 የወጣ ነው፤ ራሙ ዲዲአር3 የሚባለው የድሮው ዓይነት ነው፤ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉ የደኅንነት መቆጣጠሪያዎችን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ወደ ዊንዶውስ 11 ልሂድ ስትል የምትፈልገውን ጌም የመጫወት መንገዱ ሊዘጋብህ ይችላል። ካውንተር ስትራይክ 2ም ቢሆን ፕሮሰሰር የሚፈትን ጌም ነው፤ በአሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ተኩሱ በበረታ ሰዓት ይንቀረፈፋል።

እሺ፣ ከሶኬቱ እንጀምር። ብር ከማውጣትህ በፊት ከጎረቤት ኤሌክትሪሻን ቴስተር ተውሰህ ኮምፒውተሩ የሚቀመጥበትን ሶኬት ቮልቴጅ ለካ። አንዴ ቀን፣ አንዴ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው፣ አንዴ ደግሞ ቤት ውስጥ እንጀራ እየተጋገረ። ይህችን የመጨረሻዋን አትዝለላት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ የቤቱ ሽቦ ቀጭን ከሆነ ምጣዱ በበራ ቁጥር አምፖሉ ሲደበዝዝ ታያለህ፤ ኮምፒውተርህም ያንኑ ይቀበላል። የሚነበበው ከ200 በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ወደ 170 እና 160 የሚወርድ ከሆነ የምትገዛው ፓወር ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ተወሰነ ማለት ነው።

ፓወሩ ላይ «ኢንፑት» የሚለውን መስመር ፈልግ። አንዳንዱ 200–240 ቮልት ይላል፣ አንዳንዱ 100–240። ካርቶኑ ላይ ሁለቱም «80 ፕላስ» ሊሉ ይችላሉ፤ ያ ምልክት የሚናገረው ስንት ዋት በሙቀት እንደሚባክን ነው፤ ደካማ መብራት ስለመቻሉ ምንም አይነግርህም። ለእኛ የሚሆነው 100–240 የሚለው ነው። መብራቱ 165 ሲደርስ 200–240 የሚለው ይጠፋል ወይም ይታመማል፤ 100–240 የሚለው ግን ሥራውን ይቀጥላል። ይህችን ቁጥር የሚያይ ገዢ ጥቂት ነው። ለእኔ ግን ደብረ ማርቆስ ወይም ቢቸና ለሚቀመጥ ኮምፒውተር ከግራፊክስ ካርዱ ስም ትበልጣለች። መጠኑ 550 ዋት ይብቃህ፤ ግን +12 ቮልቱ ላይ ቢያንስ 40 አምፒር ያለው ይሁን። ከኋላው 115/230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው አሮጌ ዓይነት ፓወር ከገጠመህ አትግዛው፤ ማብሪያው በስህተት ወደ 115 ከዞረ በእኛ መብራት ወዲያው ይፈነዳል።

ከፓወሩ ቀጥሎ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) ነው። ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለውን፣ ቮልቴጁን ራሱ የሚያስተካክለውን ከገዛህ ለብቻው ስታብላይዘር አያስፈልግህም። ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ቪኤ ነው፤ ዋቱ ብዙውን ጊዜ የእሱ 60 በመቶ ገደማ ነው። 650 የሚለው ወደ 390 ዋት ቢሰጥ ነው፤ ጌም ላይ ላለ ኮምፒውተርና ሞኒተር አፋፍ ላይ ያደርግሃል። 1000 ወይም 1200 ይሁን። ይህን ስልህ መብራት ጠፍቶም ጌም እየተጫወትክ ታመሻለህ ማለቴ አይደለም። ሴቭ አድርገህ በሥርዓቱ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ነው የምትገዛው፤ ባትሪውም በጥቂት ዓመታት ይደክማልና የሚቀየር ዓይነት ምረጥ። የአጎትህ ልጅ ሲገዛ አንድ ነገር ይሞክር፦ ኮምፒውተሩ ጌም ወይም ፈርማርክ (ካርዱን አጨናንቆ የሚፈትን ፕሮግራም) እየሠራ እያለ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ይንቀለው። አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሆን የሚሰጠው ሞገድ ንጹሕ ስላልሆነ ጥሩ ፓወሮች ላይ ኮምፒውተሩ ያን ጊዜ ይጠፋል። ከጠፋ እዚያው ሱቅ ውስጥ ያስቀይረው።

ኮምፒውተሩ ከተገጠመ በኋላ ባዶ እግርህን ሆነህ የኬዙን ብረት ስትነካ ከነዘረህ የቤትህ ሶኬት የመሬት ሽቦ የለውም ማለት ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ከረንት ወደ ኬዙ ይለቃል፤ ያ ከረንት መውጫው መሬት ነበር፣ መውጫ ሲያጣ በአንተ በኩል ያልፋል። ብዙ ሰው «ኮምፒውተር ሲባል ይነዝራል» ብሎ ለምዶታል። ዩኤስቢ የሚሰካበትንና ኤችዲኤምአዩን እየገደለ የሚሄደው ግን ይኸው ነው። ኤሌክትሪሻን አስጠርተህ ግራውንድ አስቀብር፤ ወጪው ከአንድ ማዘርቦርድ ያንሳል። በክረምት መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱን ንቀል፣ የኢንተርኔት ኬብልም ካለህ አብረህ ንቀል፤ መብረቅ በዚያም በኩል ይገባል። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተህ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳይነሣ አድርግ። መብራት ሲመጣ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ድርግም ማለቱ የተለመደ ነው፤ ዲስክ የሚበላሸው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ፕሮሰሰሩ እንምጣ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ካሉት ሻጮች የተለየ ምክር ነው የምሰጥህ። እነሱ ኮር አይ5 12400ኤፍ ይሉሃል፤ መጨረሻው ላይ ኤፍ ያለበት ፕሮሰሰር በውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ዋጋውም ትንሽ ይቀንሳል። አንተ ግን ኤፍ የሌለበትን 12400 ግዛ። ግራፊክስ ካርድህ አንድ ቀን ቢታመም ጠጋኝ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ወይም ባህር ዳር እኔ ጋ ነው። መንገዱ በፈለግነው ቀን የማይከፈትበት ጊዜ አለ፤ ካርዱ ሄዶ እስኪመለስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ኤፍ ባለው ኮምፒውተር ያን ሁሉ ጊዜ ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ ኤፍ በሌለው ግን የሞኒተሩን ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተህ ትማርበታለህ፣ ትጽፍበታለህ፣ ቀላል ጌምም ትጫወትበታለህ። ባለ 6 ኮር ነው፤ ለዘረዘርካቸው ጌሞች ሁሉ ከበቂ በላይ ነው። ማዘርቦርዱ ኤች610 ወይም ቢ660 ሆኖ ዲዲአር4 ራም የሚቀበል መሆኑን አረጋግጥ፤ ለዚህ ፕሮሰሰር ዲዲአር4 የሚወስዱም ዲዲአር5 የሚወስዱም ቦርዶች አሉ፣ አንዱ የሌላውን አይቀበልም።

ብሩ ካልበቃህ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ለብዙ ተማሪ የምመክረውም እሱን ነው። ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለውን ፕሮሰሰር ግዛ፤ በውስጡ ያለው ግራፊክስ ከ12400ው በጣም ይሻላል። ፊፋንና ጂቲኤ 5ን ጥራቱን ዝቅ አድርገህ ያጫውትሃል። ፓወሩንና ዩፒኤሱን ጥሩ አድርገህ ግራፊክስ ካርዱን ለሚቀጥለው ዓመት አቆየው። በዚህ ጊዜ ራሙ ሁለት 8 ጊጋ መሆኑ ግዴታ ነው። አንድ 16 ጊጋ ከሰካህ ግራፊክሱ የሚጠቀምበት የራም መንገድ በግማሽ ይጠብና ጌሙ ይጎተታል። ካርድ ብትገዛም ሁለት 8 ይሻላል። የራም ዋጋ ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ገበያ ንሯልና ያገለገለ ዲዲአር4 ብታገኝ አትፍራ፤ ራም ያገለገለ ዕቃ ሆኖ እንኳ ብዙ አይበላሽም። ከገጠምክ በኋላ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒን አብራ፤ አለበለዚያ 3200 ብለህ የገዛኸው በ2133 ወይም በ2400 ይሠራል።

ካርዱን የሚወስነው ሞኒተሩ ነው። ተራ ፉል ኤችዲ፣ 75 ወይም 100 ኸርዝ (በሴኮንድ ሥዕሉን የሚያድስበት ብዛት) ሞኒተር ካለህ አርኤክስ 6600 ይበቃሃል። ባለ 8 ጊጋ ነው፤ የሚወስደው 132 ዋት ብቻ ነው። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው ጥሩ ካርድ መሆኑን አልክድም፤ ቪዲዮ የምታቀናብርበት ከሆነ እሱን እመርጥልህ ነበር፤ 170 ዋት ይፈልጋል። ግን ተጠንቀቅ፦ 3060 ተብሎ ባለ 8 ጊጋ ሆኖ የወጣም አለ፤ የሚታይ ያህል ይዘገያል፣ ሻጩ ግን በ3060 ዋጋ ነው የሚሸጥልህ። መብራትህ በጣም ደካማ ከሆነ ወይም የቢሮ ኮምፒውተር አስቀድመህ ካለህ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው አለ። 70 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ብዙዎቹ ሞዴሎቹ ተጨማሪ ኬብል አይጠይቁም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክተው ይሠራሉ። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የሚልህን ግን አትቀበል፤ 4 ጊጋ ብቻ ነው፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመርም በአሮጌ ቦርዶች ላይ ያንቀዋል። አርኤክስ 6600ም ሆነ 3060 ቪጂኤ መሰኪያ የላቸውም፤ ከቢሮ የወጣ ቪጂኤ ብቻ ያለው ሞኒተር ካለህ መቀየሪያ ያስፈልግሃል፣ የተሻለው ግን ኤችዲኤምአይ ያለው መግዛት ነው። የሞኒተሩንም ኬብል ካርዱ ላይ ስካ። ብዙ ሰው ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ «ካርዱ አይሠራም» ብሎ ይደውልልኛል።

ካርዱ ሲሠራ ፍሬሙን (በሴኮንድ የሚስለውን ሥዕል ብዛት) በሞኒተሩ ልክ ገድብ። 75 ኸርዝ ሞኒተር ላይ 160 ፍሬም ማምረት የማታየውን ሥዕል እየሳሉ መብራት መጨረስ ነው። በ75 ከገደብከው ፊፋ ላይ ካርዱ የሚስበው በግልጽ ይወርዳል፤ ዩፒኤስህም ይተነፍሳል።

ዲስክ ላይ ብዙ አልልህም። ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ፈጣን ዲስክ)፣ 500 ጊጋ ቢያንስ፣ ቢቻል 1 ቴራ። ዛሬ አንዳንዱ ጌም ብቻውን 100 ጊጋ ይይዛል። በእኛ ኢንተርኔት ማውረድ ስለሚከብድ ከጓደኛ የስቲምን (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) ፎልደር በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጠህ ስቲም ራሱ እንዲያጣራው አድርግ፤ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤናው ስንት በመቶ እንደሆነ ይታይልህ።

ኬዝ ስትመርጥ ፊቱ መስታወት የሆነውን ሳይሆን ወንፊት የሆነውን ምረጥ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ከተማዋ ብርዳማ ስለሆነች ይካካሳል፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ፋን ይበቃሃል፣ የውኃ ማቀዝቀዣ ላይ ገንዘብ አታጥፋ። የበጋው አቧራ ግን ምሕረት የለውም። ጎሚስታ ወስደህ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው፤ ከእዚያ ቱቦ ግን ከአየሩ ጋር ውኃ ይወጣል። በትንሽ ንፋስ ማፍያ ወይም በደረቅ ብሩሽ አጽዳው፤ የፋኑን ክንፍ በጣትህ ይዘህ፣ እንዳይዞር። በኃይል ሲዞር ራሱ ከረንት ያመነጫል።

የሚቀረው ጉዞው ነው። ተገጣጥሞ የሚላክ ከሆነ የአጎትህ ልጅ ግራፊክስ ካርዱን ነቅሎ በራሱ ካርቶን ለብቻው ያሽገው። የዓባይ በረሃን ቁልቁለትና ዳገት፣ ከዚያም የደጀንን መንገድ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ሲያልፍ ከባድ ካርድ የተሰካበትን መሰኪያ እያወዛወዘ ይሰብረዋል፤ ስንጥቁ በዓይን አይታይም፣ ኮምፒውተሩ ግን ካርዱን አያውቀውም። ሲስተም ዩኒቱን ማዘርቦርዱ ወደ ታች እንዲሆን በጎኑ አስተኝተው ይጫኑት፤ ከተቻለ ውስጥ፣ ሰው እግር ሥር ይሁን። ሲደርስህ ወዲያው አትሰካው። ከብርድ ከገባ አንድ ሁለት ሰዓት ቤት ውስጥ ይረፍ፣ ከዚያ ክፈትና ራሙንና ኬብሎቹን በእጅህ ጫን ጫን አድርግ፣ ካርዱን መልሰህ ስካ።

የሦስቱን ሰዓት የቮልቴጅ ንባብና የአጎትህ ልጅ ሊገዛ ያሰበውን ፓወር ሰፕላይ የጎን ወረቀት ፎቶ ከላክህልኝ የዩፒኤሱን መጠን ከአንተ ጋር ቁጭ ብዬ አሰላዋለሁ። ብሩን ከመላክህ በፊት ግን ይሁን።